የሌሎችን ስም ሲጽፍ የኖረው ሰው

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተከለለ። ካሴት የሚያጫውተው ልጅ አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበረው። ካሴቱን እንደከተተ የማሳለፊያውን ቁልፍ ይጫናል። ስክሪኑ ላይ የሚወጡት ስሞች እየተንቀጠቀጡ ይሮጣሉ፤ የሰው ፊት ብቅ ሲል ቁልፉን ይለቃል። ማንም አያጉረመርምም። እኛ ሳንቲማችንን የከፈልነው ‹‹አክተሩን›› ለማየት እንጂ የፈረንጅ ስም ለማንበብ አልነበረም።

በዚህ ምክንያት የአልፍሬድ ሂችኮክን ‹‹ሳይኮ›› መጀመሪያ ያየሁት መጀመሪያው ተቆርጦ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት በዲቪዲ ነው። ወዳጄ ዲስኩን ከከተተ በኋላ ሻይ ሊያፈላ ወደ ጓዳ ሲሄድ ሪሞቱን በእጁ እንደያዘ ስለገባ፣ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ከመጀመሪያው ማየት ያዝኩ።

መስመሮች ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እየተወረወሩ ይገባሉ። ስሞቹን ይቆራርጧቸዋል። የአንዱ ስም ላይኛው ክፍል ወደ አንድ ወገን፣ ታችኛው ወደ ሌላ ወገን ይሸሻል፤ ለአፍታ ይገጣጠምና ይነበባል፤ መልሶ ይሰነጠቃል። ሙዚቃው የበርናርድ ኸርማን ነው። ከባለ ክር መሣሪያዎች በስተቀር አንዳች አልገባበትም፤ እሱም ቢሆን እንደሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ይቆራረጣል። ደም የለም፣ ቢላዋ የለም፣ ሰው እንኳ የለም። ሻዩ ሲመጣ ግን መዳፌ በላብ ርሶ ነበር።

ከሚሰነጠቁት ስሞች መካከል አንዱ ሁለት ጊዜ ወጣ። አንዴ የመክፈቻው ጽሑፍ ዲዛይነር ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ የምስል አማካሪ ተብሎ። ሶል ባስ ይላል። ያች ሁለተኛዋ መስመር በኋላ ምን ያህል ጭቅጭቅ እንዳመጣች ያኔ አላወቅኩም። ስለ ሰውየው ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

ሶል ባስ የተወለደው ሜይ 8 ቀን 1920 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እኛ ሳኦል የምንለው የመጽሐፍ ቅዱሱ ስም ነው። ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ አባቱ ከእንስሳት ጸጉር ካባ በመሥራት ነበር የሚተዳደሩት። ልጁ ሥዕል ይወድ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ እየሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱ አርት ስቱደንትስ ሊግ በሚባለው የማንሃተን የሥዕል ትምህርት ቤት ተማረ። ሥራው ለፊልም ኩባንያዎች የጋዜጣ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ነበር።

የዚያን ዘመን የፊልም ማስታወቂያ ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል። የሚሳሳሙ ጥንዶች፣ ሽጉጥ፣ ፈረስ፣ የሚቃጠል ቤት፣ ግማሽ ደርዘን የተዋንያን ፊት፣ ሁሉም ባንድ ወረቀት ላይ ይታጨቃል። የሐሳቡ መሠረት አንዱ ባይስበው ሌላው ይስበዋል የሚል ነው። (እኛም አገር የቪዲዮ ፊልም ፖስተሮች በበዙበት ዘመን ይኸው በሽታ ነበረብን፤ ብዙ አንፍረድ።) ወጣቱን ባስ ከዚህ ያወጣው በብሩክሊን ኮሌጅ የማታ ክፍል ያስተማረው ሃንጋሪያዊው ጂዮርጂ ኬፔሽ ነው። ኬፔሽ ባውሃውስ ከተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት አስተሳሰብ ጋር የተቀራረበ ሰው ነበር። ተማሪው ከእሱ የወሰደው ትልቁ ነገር መቀነስ ነው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ቅርጽ፣ ዙሪያውን ባዶ ቦታ።

ባስ በ1946 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በማስታወቂያ ድርጅቶች ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ዕድሉ የመጣው ኦቶ ፕሪሚንገር በሚባል ሰው በኩል ነው። ፕሪሚንገር ኦስትሪያ ያደገ፣ በቁጣውና በግትርነቱ ሆሊውድ የሚፈራው ዳይሬክተር ነበር። በ1954 ‹‹ካርመን ጆንስ›› ለተባለው ፊልሙ ባስን ፖስተር አሠራው። ባስ ጽጌረዳ አበባና የእሳት ነበልባል አጣምሮ አመጣለት። ሥዕሉ ከወረቀት አልፎ በፊልሙ መክፈቻ ላይ ለምን አይንቀሳቀስም የሚል ሐሳብ ከሁለቱ መሐል ተነሣ፤ ነበልባሉ ስክሪን ላይ ነደደ። እንዲህ በቀላሉ ነው አንድ አዲስ ሙያ የተፈጠረው።

አዲስ ያሰኘው ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የስም ዝርዝር ከድሮም ነበር። ነገር ግን በአብዛኛው በቆመ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ፣ ውል አስገድዶት የሚወጣ ነገር ነው። የተዋናዩ ስም በምን ያህል መጠን፣ ከማን በፊት እንደሚወጣ የሚወስኑት ጠበቆች ናቸው። ተመልካች በዚያን ጊዜ ወንበሩን ይፈልጋል፣ ፈንዲሻውን ያስተካክላል። በብዙ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መጋረጃው የሚገለጠው እንኳ ስሞቹ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነበር። የሰፈራችን ቪዲዮ አጫዋች ሳያውቀው የትልልቆቹን ሲኒማ ቤቶች ሥርዓት ይከተል ነበር ማለት ነው።

በ1955 ፕሪሚንገር ‹‹ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም›› የተባለውን ፊልም ሠራ። የሄሮይን ሱስ የያዘው ካርታ ተጫዋች ታሪክ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ፍራንክ ሲናትራ። በዚያን ጊዜ የሆሊውድ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ አደንዛዥ ዕፅን በፊልም ማሳየት ስለሚከለክል ፊልሙ ማኅተም ተነፍጎት ያለ ፈቃድ ነው የወጣው። ባስ ታዲያ ምን አደረገ? የሲናትራን ፊት አልተጠቀመም፤ መርፌም አላሳየም። ነጫጭ ዘንጎች በጥቁር ሜዳ ላይ ከኤልመር በርንስታይን ጃዝ ጋር እየገቡና እየወጡ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ተሰባስበው አንድ የተጣመመ ክንድ ይሆናሉ። ከወረቀት በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል፣ ማዕዘኑ የሾለ፣ ጣቶቹ የተንሻፈፉ ክንድ። ሱሰኛ ሰው ሰውነቱ አልታዘዝ ሲለው የሚሆነውን ያ ክንድ ብቻውን ይናገራል። ፊልሙ ለሲኒማ ቤቶች ሲላክ ከጣሳው ላይ ለአጫዋቾች የተጻፈ ማሳሰቢያ ተለጥፎበት ነበር። ስሞቹ ከመውጣታቸው በፊት መጋረጃው ይገለጥ የሚል ነው። ይህቺን ማሳሰቢያ ሳነብ የሰፈራችን ልጅ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ባስ በሕይወቱ ለሁሉም ዓይነት ፊልም መክፈቻ ሠርቷል። በ1956 የወጣው ‹‹በ80 ቀናት ዓለምን መዞር›› መዝጊያው ረጅም የካርቱን ቀልድ ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጡት የግድያና የምስጢር ፊልሞቹ ናቸው። ምክንያቱም ሥራው እዚህ ላይ ከሌላው ይከብዳል። መክፈቻው ስለ ፊልሙ ይናገር ከተባለ፣ ምስጢር ያለበት ፊልም ደግሞ እንዳይነገርበት ይፈልጋል። ገዳዩን ሳይጠቁሙ፣ ሟቹን ሳያሳዩ፣ ተመልካቹን እንዴት አድርጎ ማስጨነቅ ይቻላል?

የ1959ኙ ‹‹አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር›› መልሱን በሚገባ ያሳያል። ይህም የፕሪሚንገር ፊልም ነው። አንድ የጦር መኮንን የመጠጥ ቤት ባለቤት ይገድላል፤ ሚስቴን ደፍሯታል ይላል። ጀምስ ስቱዋርት የሚጫወተው የአውራጃ ጠበቃ ይቆምለታል። ፊልሙ ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቢሆንም ግድያውን አንድ ጊዜ እንኳ አያሳየንም። ያለን ምስክር፣ የምስክር ተቃራኒ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የጠበቆች ብልጠት ብቻ ነው። ባስ የሠራው ከወረቀት የተቆረጠ የሚመስል የተጋደመ ሰው ነው። እግር፣ እጅ፣ ደረት፣ ጭንቅላት፣ ሁሉም ተለያይቷል። በዱክ ኤሊንግተን ሙዚቃ ላይ አንዱ ቁራጭ ይገባል፣ ስም ይወጣል፣ ቁራጩ ይጠፋል፣ ሌላው ይተካል። ብዙ ሰው ይህን የሬሳ ምርመራ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የፊልሙ ርዕስም ወደዚያው ይመራል። እኔ ሦስተኛ ጊዜ ሳየው የተቆራረጠው ሟቹ ብቻ ሳይሆን ነገሩ ራሱ መሰለኝ። ችሎቱ ሲያልቅ ቁርጥራጮቹ ሁሉ ፊታችን ላይ ናቸው፤ ተገጣጥመው ግን አንድ ሙሉ ሰው አይሆኑም። ፍርድ ቤት ደጋግሞ የተመላለሰ አንባቢ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ከዚያ በፊት በ1958 ከሂችኮክ ጋር የሠራው የ‹‹ቨርቲጎ›› መክፈቻ ደግሞ ከወረቀት ቆረጣው የተለየ ነው። የሴት ፊት በጣም ቀርቦ ይታያል። መጀመሪያ ከንፈር፣ ቀጥሎ ዓይኖች፣ ቀጥሎ አንድ ዓይን ብቻ። ምስሉ ቀይ ይሆናል፤ የፊልሙ ስም ከብሌኑ ውስጥ ይወጣል፤ ተከትለውት የሚሽከረከሩ ጥምዝምዝ መስመሮች ይመጣሉ። መስመሮቹን ያዘጋጀው ጆን ዊትኒ የተባለ የሙከራ ፊልም ሠሪ ነው። የተጠቀመበት መሣሪያ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር መቃወሚያ መድፍ ዒላማ እንዲያሰላ ከተሠራ ማሽን የተወሰደ ነበር። አውሮፕላን ለመምታት የተሠራ ስሌት የአንድ ሰው የከፍታ ፍርሃት ሆኖ ስክሪን ላይ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ‹‹ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት›› ላይ ደግሞ የተጋደሙ መስመሮች ቀስ ብለው የኒው ዮርክ ባለ መስታወት ሕንፃ ሆኑ፤ ስሞቹ እንደ አሳንሰር ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሂችኮክ የራሱ ስም ከወጣ በኋላ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲሮጥ በሩ ፊቱ ላይ ሲዘጋበት እናያለን።

አሁን ወደ ‹‹ሳይኮ›› ልመለስ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ነው የሚገናኘው።

ሂችኮክ ይህን ፊልም የሠራው በ800 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ለቴሌቪዥን ፕሮግራሙ በሚጠቀምባቸው ሠራተኞች ነው። ባስ መክፈቻውን ነደፈ። ንድፉ መስመር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ሀሮልድ አድለር የተባለ የፊደል ባለሙያ ነው እውን ያደረገው። ከመስመሮቹ ብዙዎቹ የተሳሉ አይደሉም፤ ጥቁር የተቀቡ ረጃጅም የአሉሚኒየም ዘንጎች ነጭ በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ተደርድረው በእጅ እየተገፉ ነው ፎቶ የተነሡት። አንዱ ዘንግ ትንሽ ጠመም ካለ እንደገና ይጀመራል። ሌሎቹ ክፍሎች በካርቱን ዘዴ ተሠሩ። የአድለር ስም ግን በዚያ መክፈቻ ላይ የለም። ስም በማውጣት ላይ ያለቀ ሰው ስሙ አልወጣም።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ሂችኮክ ባስን ከመክፈቻው ሌላ አንዳንድ ትዕይንቶችን በሥዕል እንዲያዘጋጅለት ቀጥሮት ነበር። ፈረንጆቹ ስቶሪቦርድ ይሉታል፤ ካሜራው ምን ምን እንደሚያይ በቅደም ተከተል የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከተሰጡት ትዕይንቶች አንዱ ጃኔት ሊ የምትጫወታት ማሪዮን ክሬን ሻወር ውስጥ የምትገደልበት ነው። ባስ ሥዕሉን ሠራ። በሥዕሉ ላይ ቢላዋ፣ ውሃ፣ እጅ፣ አፍ፣ እግር፣ መጋረጃ እንደ ወረቀት ቁራጮቹ ተበጣጥሰው ይታያሉ። ትዕይንቱ ሲቀረጽ አንድ ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከ70 በላይ የካሜራ አቀማመጥ ተደረገለት። ውጤቱ በፊልም ታሪክ እጅግ ከሚታወቁት ትዕይንቶች አንዱ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ባስ ያንን ትዕይንት የነደፍኩት ብቻ ሳይሆን ቀረጻውንም የመራሁት እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። እንደ እሱ አባባል ሂችኮክ ከጎኑ ቁጭ ብሎ እየነቀነቀ ፈቀደለት። ጃኔት ሊ ይህን አጥብቃ አስተባበለች። ለስንት ቀን ራቁቷን በሚመስል ልብስ ውሃ ሥር የቆመች እሷ ስለሆነች ማን እንዳዘዛት አይጠፋትም። ረዳት ዳይሬክተሩ ሂልተን ግሪንም እንዲሁ ሐሰት ነው አለ። ሂችኮክ በበኩሉ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገውና በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ የባስን ድርሻ ሲያነሣ የሻወሩን ሳይሆን የሌላ ትዕይንት ሥራ ነው የጠቀሰለት።

የጠቀሰው ራሱ ግን ትልቅ ትምህርት አለበት። መርማሪው አርቦጋስት ወደ አሮጌው ቤት ገብቶ ደረጃውን ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይገደላል። ሂችኮክ አንድ ቀን ታሞ ተኝቶ ስለነበር በባስ ሥዕል መሠረት ተቀረጸ። የሚወጣ እግር፣ የደረጃውን መደገፊያ የያዘ እጅ፣ እንደገና እግር። ሂችኮክ የተቀረጸውን ሲያይ አልሆነም አለ። እንዲህ ተቆራርጦ ሲታይ መርማሪው ሊገደል የሚሄድ ምስኪን ሳይሆን ሊገድል የሚሄድ ሰው መሰለ። ስለዚህ ሁሉም ተጥሎ ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ ከፊት ለፊት ሳይቆረጥ የሚያሳይ ቀረጻ ተተካ። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች የሚለያዩበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። ባስ ቁርጥራጩን ከማንም በላይ ያውቃል። ሂችኮክ ደግሞ መቼ መቁረጥ እንደማያስፈልግ ያውቃል።

ጉዳዩን ያጠኑት ጸሐፊዎች በአብዛኛው ሥዕሉ የባስ፣ ቀረጻው የሂችኮክ ነው ወደሚለው ያዘነብላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ባስ አልፎ ሄዷል። ቢሆንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አይፈርድበትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የዶክመንተሪ ፊልም ጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ ለምርቃቱ ቤተ ዘመድ ጠርቼ፣ ፊልሙ ስሜን ሳያወጣ አልቋል። የሾፌሩ ስም ወጥቷል። እናቴ ከጎኔ ሆና እስከ መጨረሻው መስመር ጠብቃ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት ያህል ያንን ፊልም ባነሣሁ ቁጥር የኔ ድርሻ ሲያድግ ሲያድግ ካሜራውንም እኔ የያዝኩት ሊመስል ምንም አልቀረውም። ስም ሲቀር ሰው ወሬውን ያሰፋል።

በባስ ላይ ሊነሣ የሚገባው የበለጠ ጥያቄ ግን ከሻወሩ ይልቅ ቤቱ ውስጥ የነበረው ይመስለኛል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኢሌን ማካቱራ የተባለች ወጣት ቢሮው ተቀጠረች። በ1960 የ‹‹ስፓርታከስ››ን መክፈቻ፣ ያንን የሮማ ሐውልቶች እየታዩ መጨረሻ ላይ አንድ ፊት የሚሰነጠቅበትን፣ አብራው ሠራች። በ1961 ተጋቡ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ። ሙዚቃና ምስል ማዋሐድ ላይ የእሷ ጆሮና ዓይን ቢሮው የሚተማመንበት ነበር። የ‹‹ስፓርታከስ›› ስክሪን ላይ የወጣው ስም ግን የሶል ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት የፊልም መጻሕፍትም የእሱን ብቻ ነበር የሚጽፉት። ሂችኮክ ላይ ስሙን የጠየቀው ሰው የሚስቱን ስም በዘመኑ ልማድ አሳለፈው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሁለቱ የፊልም መክፈቻ ሥራ እየሳሳ ሄደ። በ1965 ‹‹በኒ ሌክ ኢዝ ሚሲንግ›› ለተባለው የጠፋች ሕፃን ታሪክ የሠራው ከኋለኞቹ ምርጦች አንዱ ነው። አንድ እጅ ጥቁር ወረቀት ይቀድዳል፣ ከሥሩ ስም ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ የተቀደደው ቦታ የአሻንጉሊት ልጅ ቅርጽ ይሆናል። ቀዳዳው ነው ልጅቷ። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሮች መክፈቻውን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ባስም ወደ ኩባንያ ዓርማ ፊቱን አዞረ። የቤል ስልክ ደወል በ1969፣ የዩናይትድ አየር መንገድ የጭራ ምልክት በ1974፣ የኤቲ ኤንድ ቲ ሉል በ1983 የእሱ ቢሮ ሥራዎች ናቸው። የሚኖልታንም ዓርማ ቢሮው በ1978 ነድፎታል፤ ፎቶ ቤት ገብቶ የሚኖልታ ካሜራ ያየ አዲስ አበቤ ሁሉ የሶል ባስን እጅ ሳያውቅ አይቷል ማለት ነው። ‹‹ዋይ ማን ክሪኤትስ›› የተባለው አጭር ፊልሙ የ1968ን ኦስካር በአጭር ዶክመንተሪ ዘርፍ አግኝቷል። ራሱ ዳይሬክት ያደረገው አንድ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ብቻ ነው። ‹‹ፌዝ ፎር›› ይባላል፤ 1974። በሰው ላይ ስለሚነሡ ጉንዳኖች ይናገራል፤ ታሪኩ የአሪዞና በረሃ ቢሆንም የውጭ ትዕይንቱ የተቀረጸው ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው። ገበያ አላገኘም። ስቱዲዮው የቆረጠው የመጨረሻ ክፍል ተገኝቶ ለሕዝብ የታየው በ2012፣ እሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

ከፊልም መክፈቻ ተረስቶ ሳለ ያስታወሱት በልጅነታቸው ሥራዎቹን ያዩ ሰዎች ናቸው። በ1987 ‹‹ብሮድካስት ኒውስ››፣ በ1988 ‹‹ቢግ›› ላይ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ማርቲን ስኮርሴዜ ጠራው፤ ጠራቸው ማለት ይሻላል። በ1990 ‹‹ጉድፌላስ›› ላይ ስሞቹ አውራ ጎዳና ላይ እንደሚያልፉ መኪናዎች ሽው ብለው ይሄዳሉ። በ1991 ‹‹ኬፕ ፊር›› ላይ ከውሃ ሥር ይንቀጠቀጣሉ። በ1993 ‹‹ዘ ኤጅ ኦፍ ኢኖሰንስ›› ላይ አበቦች ይፈካሉ። እነዚህ ሁሉ ላይ የወጣው ስም ኢሌንና ሶል ባስ ነው፤ የእሷ ቀድሞ። ይህን ማን እንደወሰነ አላነበብኩም፤ ሳየው ግን ደስ ብሎኛል።

በ1995 አንድ አሳዛኝም አስቂኝም ነገር ሆነ። የስፓይክ ሊ ‹‹ክሎከርስ›› ፖስተር ሲወጣ የተዘረጋው ሬሳ ከ‹‹አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር›› ፖስተር ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የፖስተሩ ሠሪ ለባስ ክብር ነው አለ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ባስ ግን ዝርፊያ ነው ብሎ ተቆጣ። የምስል አማካሪ የምትለው መስመር ያስነሣችው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች፤ ይህ የማን ነው?

በዚያው ዓመት የወጣው ‹‹ካሲኖ›› የጥንዶቹ የመጨረሻ ሥራ ሆነ። ሮበርት ዴኒሮ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ቁልፍ ያዞራል፣ መኪናው ይፈነዳል። ከዚያ በባክ መንፈሳዊ መዝሙር ላይ የሰውየው ጥቁር ጥላ በእሳትና በላስ ቬጋስ መብራቶች መካከል ቀስ ብሎ ይወድቃል፣ ይወድቃል። ተመልካቹ ፊልሙ ሳይጀመር ዋናው ሰው ሲሞት ያየ ይመስለዋል፤ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ባስ በኤፕሪል 25 ቀን 1996 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሊምፎማ ካንሰር አረፈ። በ2011 ልጁ ጄኒፈር ባስ ከፓት ኪርካም ጋር ሆና ስለ ሕይወቱና ሥራው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣች። የእናቷ ድርሻ እዚያ ውስጥ በሚገባ ተጽፏል።

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ከፈረሰ ቆየ። ካሴት ያጫውት የነበረው ልጅ አሁን የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ጸጉሩ ሸብቷል። በቅርቡ ሱቁ ጎራ ብዬ ይህን ሁሉ አወራሁለትና ‹‹ሳይኮ››ን በፍላሽ ሰጠሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ እይ፣ አታሳልፍ ብዬ አስጠነቀቅኩት። በሳምንቱ ሳገኘው አይቼዋለሁ አለኝ። ስለ ሻወሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ አሮጊቷ ብዙ አወራን። ስለ መስመሮቹ ግን እሱም አላነሣም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።